የማኅደር ወንፈል

በአንድ ወቅት፣ ብርዱ ከሰው ቀድሞ በሚነሣባት በደብረ ብርሃን ከተማ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ አራት ጓደኛሞች ወንፈል ገቡ። ወንፈልን መቼም ታውቁታላችሁ። ዛሬ ሁላችንም ያንተን ማሳ እናርሳለን፣ ነገ ደግሞ የእኔን፣ ከነገ ወዲያ የእሱን የሚባልበት የገበሬ ውል ነው። እነዚህ አራቱ ግን ማሳም በሬም አልነበራቸውም። ሶፍትዌር ተምረው የተመረቁ፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አቀርቅረው ኮድ የሚጽፉ፣ አንድ ቀን ከትልልቆቹ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች በአንዱ ለመቀጠር የሚመኙ ልጆች ነበሩ። ስለዚህ ወንፈላቸው የቃለ መጠይቅ ወንፈል ሆነ። ባለተራው ማመልከቻ ሲጽፍ ሦስቱ አብረውት ይጽፋሉ፤ ለቃለ መጠይቅ ሲጠራ የራሳቸውን ጉዳይ ትተው ጠያቂ እየሆኑ ያፋጥጡታል። እሱ ከገባ በኋላ ደግሞ ለቀሩት ይደክማል። ውሉ ይኸው ነበር።

ይህ ሁሉ ዝግጅት ለምን ያስፈልጋል የሚል አይጠፋም። የእንዲህ ያለ ኩባንያ ቃለ መጠይቅ ስምህ ማን ነው፣ የት ተማርክ ተብሎ የሚያበቃ አይደለም። ጠያቂው በካሜራ ፊት ለፊት እያየህ ራስ የሚያዞር ችግር ይሰጥሃል፤ አንተም የምታስበውን ሁሉ ጮክ ብለህ እየተናገርክ መፍትሔውን በኮድ ትጽፋለህ። አንገትህን ደፍተህ በዝምታ ብትሠራ ሥራው ልክ ቢሆንም አይቆጠርልህም። እኛ ዘንድ ደግሞ ልጅ በትልቅ ሰው ፊት ዝም እንዲል ተመክሮ ነው የሚያድገው። እንግዲህ ሃያ ዓመት ዝም በል የተባለን ልጅ ባንድ ክረምት ተናገር ማለት ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ተራውን በዕጣ አወጡ። የመጀመሪያው ለዳምጠው ወጣ፤ ሁለተኛው ለማኅደር፣ ሦስተኛው ለጽጌረዳ፣ የመጨረሻው ለስለሺ። ስለሺ፣ እኔ ታክሲ ሰልፍ ላይም የመጨረሻ ነኝ፣ ለምጄዋለሁ ብሎ አሳቃቸው።

ታሪኩ የማኅደር ነው። ማኅደር ጡረታ የወጣ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ልጅ ናት። በሙያዋ ማንም አይጠረጥራትም፤ ባጃጅ በከተማው ውስጥ በየትኛው በኩል ቢሄድ ቶሎ እንደሚደርስ የሚያሳይ ፕሮግራም ለራሷ ደስታ ብላ ብቻዋን ሠርታለች። ነገር ግን ሰው ማስቀየም አትችልበትም። ሽሮ አዝዛ ምስር ቢያመጡላት አመስግና የምትበላ ዓይነት ሰው ናት። ይሉኝታ ይዟታል ይሏታል፤ እኔ እንኳ ይሉኝታ ነው የወለዳት ባይ ነኝ።

በመጀመሪያው ተራ አራቱም ለዳምጠው ተነሡ። ዳምጠው ከሁሉም በዕድሜ ይበልጣል፤ ሚስትና አንዲት ትንሽ ልጅ አሉት፣ ለነጋዴዎች የሒሳብ ፕሮግራም እየሠራ ይኖራል። ማመልከቻውን አብረው ጻፉ፣ አብረው አረሙ፣ በየኩባንያው በር ላኩለት። ብዙዎቹ መልስ እንኳ አልሰጡም። በመጨረሻ ግን ከአንዱ፣ ስሙን ከማላነሣው ግን ሁላችሁም ኪስ ውስጥ ካለው ከትልቁ ኩባንያ፣ ለቃለ መጠይቅ ልናይህ እንፈልጋለን የሚል ኢሜይል መጣ። ስለሺ ወንበር ላይ ወጥቶ ዘለለ። ጽጌረዳ፣ የማትስቀዋ ጽጌረዳ፣ ሳቀች። ዳምጠው ግን ኢሜይሉን ደጋግሞ አነበበው።

በማግስቱ ለሦስቱ ሳይናገር ለኩባንያው ጻፈ። የምትፈልጉት መንገድና ካርታ ላይ የሚሠራ ሰው ነው፤ እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ፤ እናንተ የምትፈልጉት ሰው አጠገቤ አለች ብሎ የማኅደርን የባጃጅ ፕሮግራም አያይዞ ላከላቸው። ሁለት ሳምንት መልስ ሲጠፋ ለጓደኞቹ ትንፍሽ አላለም። ሲመጣ ግን ማኅደርን ከክፍሉ ውጭ ጠርቶ፣ ሊያዩሽ ይፈልጋሉ አላት።

«ዳምጠው፣ አብደሃል? ተራው ያንተ ነው እኮ» አለችው።

«ተራው የእኔ ነው፤ ሥራው ግን ያንቺ ነው። እኔ ገብቼ ብወድቅ ያ በር ለሁላችንም ይዘጋል» አላት።

ማኅደር ያን ቀን ምግብ አልበላ አላት። ሚስቱ ይህን ብትሰማ ምን ትል ይሆን እያለች ስትጨነቅ ዋለች። ሚስቱ ግን ቀድማ ሰምታ ኖሮ፣ ምሽቱን ደውላ እንኳን ደስ ያለሽ አለቻት። ማኅደር ስልኩን ከዘጋች በኋላ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ማለት እንኳ መርሳቷ ትዝ ብሏት መልሳ ደወለች።

አሁን ሥራው የጽጌረዳ ሆነ። ጽጌረዳ ከአራቱ በጭንቅላት የሚስተካከላት የለም፤ በምላስም እንደዚሁ። እውነቱን ፊት ለፊት ስለምትናገር ሰው በሩቁ ነው የሚያከብራት። ልምምዱን እንደ ጀመሩ የማኅደር ጉድለት ወዲያው ገባት። ጠያቂ ሆና ችግር ትሰጣታለች፤ ማኅደር በትክክል ትጀምራለች። ከዚያ ጽጌረዳ ሆን ብላ፣ በዚህ በኩል ብትሄጂ አይሻልም ብላ የተሳሳተ ምክር ትሰጣታለች። ማኅደር ምክሩ ገደል እንደሆነ እያወቀች እሺ ትላለች፣ ገደሉም ውስጥ ትገባለች።

«ልክ እንዳልሆነ እያወቅሽ ለምንድን ነው እሺ ያልሽው?» አለቻት ጽጌረዳ።

«ቅር እንዳይልሽ ብዬ።»

ጽጌረዳ በእጇ የያዘችውን የሰሌዳ እስክርቢቶ ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገች። «እንግዲያው ቅር ሲለኝ ማየት እስክትለምጂ አንላቀቅም» አለች።

ክረምቱን ሙሉ አልተላቀቁም። ጽጌረዳ በክፍያ የምታስጠናቸውን የማታ ተማሪዎቿን አሰናበተች። በየቀኑ እየመጣች ትሳሳታለች፣ ታሳስታለች፣ ትቆጣለች፣ አንዳንዴም ሽማግሌ መስላ በለሆሳስ እየተናገረች ታባብላለች፤ ማኅደርን ይበልጥ የሚያስቸግራት ደግሞ ይኸኛው ነበር። እስክርቢቶዋ ጠረጴዛውን ትመታለች፣ ማኅደር እሺ ትላለች፣ እንደገና ይጀመራል። አንድ ቀን ማኅደር አልቅሳ ወጣችና ሳምንት ሙሉ ሳትመጣ ቀረች። ሰፈሩ ጽጌረዳን ጨካኝ አላት፤ ስለሺ ሳይቀር ቀስ በዪ አላት። ጽጌረዳ ግን ማኅደር ቤት ድረስ ሄዳ፣ የማኅደር አባት በተቀመጡበት፣ እንድትወጂኝ አልመጣሁም፣ ነይ እንቀጥል አለቻት። ማኅደር ተከትላት ወጣች። መስከረም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አይሆንም፣ ተሳስተሻል አለቻት። ጽጌረዳ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዙራ ያለ ምክንያት ስታጠፋና ስትጽፍ ቆየች።

የቃለ መጠይቁ ቀን እየተገፋ ሄዶ ጥር ውስጥ ገባ፤ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሆነ። ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው። ከልብስ ሰፊው አጥር ለአጥር የሚዋሰኑት አቶ ሸዋንግዛው እሑድ ልጃቸውን እንደሚድሩ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ጓደኛሞቹም መክረውበታል፤ ሠርጉ እሑድ ነው፣ ቃለ መጠይቁ ሰኞ ነው፣ አይገናኙም አሉ። አራት የተማረ ሰው ተሰብስቦ፣ መልስ የሚባል ነገር በዓለም ላይ እንዳለ ረሳ። ሰኞ ሙሽሮቹ ለመልሱ ወደ ሙሽራዋ አባት ቤት ሲገቡ፣ ስፒከሩ የተሰቀለው ከክፍሏ ግድግዳ ጋር ጀርባ ለጀርባ ነበርና፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ውኃ በብርጭቆው ውስጥ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ሌላ ቦታ መሄድ አይቻልም፤ የማይቆራረጥ ኢንተርኔት ያለው በዚያች ክፍል ብቻ ነው። ዳምጠው መስኮቱን በብርድ ልብስ ይደፍናል፣ ጽጌረዳ ሰዓቷን እያየች ትራገማለች። ማኅደር ያልተከፈተ ኮምፒውተሯን ታቅፋ ተቀምጣለች። በዚህ መሀል ስለሺ ገባ። ሸሚዙን ተኩሶ፣ ክራባት አስሮ፣ ጫማውን አስጠርጎ ነበር። ዛሬ ያንቺ ቀን ነው ብዬ ነው አላት ወደ ክራባቱ ስታይ። የሙዚቃውን ድምፅ ሰማና፣ አንቺ ኮምፒውተርሽን ክፈቺ፣ የሠርጉን ድንኳን ለእኔ ተይው ብሎ ወጣ።

ድንኳኑ ውስጥ የሆነውን ማኅደር የሰማችው በኋላ ነው። ስለሺ በመጀመሪያ የሄደው ወደ አቶ ሸዋንግዛው ነበር። ሙዚቃው ትንሽ እንዲቀነስ ለመናቸው። አቶ ሸዋንግዛው ልጄን ድሬ ሙዚቃ ላጥፋ፣ ሰው ለቅሶ ቤት ነው ወይ አይለኝም አሉት። እውነታቸውን ነው፤ እኔም በሳቸው ቦታ ብሆን አላጠፋም ነበር። ስለሺ ተመለሰና ድንኳኑን ሲቃኝ፣ ከፊት ወንበር ላይ ጋቢያቸውን ደርበው የተቀመጡ፣ ከሁሉ በዕድሜ የገፉ አባባ ደምሴ የሚባሉ ሽማግሌ አየ። ሄደና እግራቸው ሥር በርከክ አለ።

«አባባ፣ ከዚህ ግድግዳ ማዶ አንዲት እኅቴ የእንጀራዋን ነገር ልትነጋገር ነው። ሙዚቃ ቀንሱ ብዬ ብለምን እንቢ አሉኝ። ምርቃት ሲጀመር ግን ማንም ሳይነግራቸው ያጠፉታል» አላቸው።

አባባ ደምሴ ቀና ብለው አዩት። «ምን ያህል ልመርቅ?»

«አንድ ሰዓት ያህል።»

የሽማግሌው ፊት በራ። «ልጄ፣ ባለሠርግ ሁሉ አሳጥሩልን ነው የሚለኝ። አስረዝሙልን ብሎ የለመነኝ አንተ የመጀመሪያው ነህ» አሉት። ከዚያ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ሲነሡ አንድ ነገር አከሉ። «ብቻ አሜን የሚል ከሌለ ጉሮሮዬ አይከፈትም። ከጎኔ ቆመህ አሜኑን የምታስጀምረው አንተ ነህ። ጥለኸኝ ከሄድክ እኔም እቀመጣለሁ።»

ስለሺ የእጅ ሰዓቱን አየ። ከዚያ እጅጌውን ሳበና ሰዓቱን ሸፈነው። «እሺ አባባ» አላቸው።

በግድግዳው ወዲህ፣ የጠያቂው ፊት በኮምፒውተሩ ላይ ብቅ ሲል ሙዚቃው ቀጥ አለ። ዳምጠውና ጽጌረዳ ተያይተው በእግራቸው ጣት ወጡ። ጠያቂው ፀጉሩ ነጣ ያለ፣ ከባሕር ማዶ የሚናገር ሰው ነበር። ማኅደር ገና ስታየው ከወንበሯ ብድግ ልትል ቃጥቷት ራሷን ገታች። ሰላምታ ተለዋወጡ። እሷማ የቤተሰቡንም ደኅንነት ልትጠይቅ ነበር፤ ጽጌረዳ ሰላምታ ላይ ጊዜ እንዳታጠፋ አጥብቃ ስላስጠነቀቀቻት ተወችው።

የተሰጣት ችግር እንዲህ ነበር። ብዙ መንገድና ብዙ መጋጠሚያ ባለበት ከተማ ውስጥ፣ ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ሌላው ጋ በአጭር ጊዜ የሚያደርሰውን መንገድ የሚፈልግ ፕሮግራም ጻፊ። ነገሩ የባጃጅ ፕሮግራሟ ነው፤ ዳምጠው ያየው ይኸንኑ ነው። ማኅደር የምታስበውን እየተናገረች መጻፍ ጀመረች። ከግድግዳው ማዶ የአባባ ደምሴ ድምፅ ይንቆረቆራል። ሙሽሮቹን ውለዱ ክበዱ ብለው መረቁ። የሙሽራዋን እናት መረቁ፣ የሙሽራውን አባት መረቁ፣ ድንኳን የተከሉትን መረቁ፣ ወጥ የሠሩትን በየስማቸው መረቁ። በእያንዳንዱ ማለቂያ ላይ ድንኳን ሙሉ ሰው አሜን ይላል። አንዱ አሜን ማኅደር የመጀመሪያውን ክፍል ጨርሳ፣ ይህ ይሠራል ብዬ አምናለሁ ባለች ቅጽበት ደረሰ። ጠያቂው ቅንድቡን አነሣና ምንድን ነው ብሎ ጠየቃት። ጎረቤቶቻችን ሙሽሮች እያስመረቁ ነው ብላ ነገረችው። ጠያቂው ፈገግ አለ፤ የእሷም ትከሻ ትንሽ ላላ አለ።

ቀጥሎ ግን ጠያቂው ወደ ካሜራው ቀረበና በለሆሳስ፣ ለምን ይህን ሁሉ ታወሳስቢዋለሽ፣ በየመጋጠሚያው ላይ ቅርብ የሆነውን መታጠፊያ እየመረጡ መሄድ አይበቃም ወይ አላት። ሰውየው ትልቅ ሰው ነው፣ ጨዋ ነው፣ እንጀራዋም በእጁ ነው። እሺ የሚለው ቃል ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር። ጣቶቿ ኮዱን ለማጥፋት ቁልፉ ላይ ዐረፉ። በዚያች ደቂቃ የጽጌረዳ እስክርቢቶ ጠረጴዛ ሲመታ በጆሮዋ ተሰማት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እሱ አያስኬድም» አለች። «ቅርብ የመሰለው መታጠፊያ ወደተዘጋ መንገድ ሊያስገባ ይችላል።»

ከዚያ የራሷን ከተማ መንገዶች ሥላ አሳየችው፤ ከገበያው ጀርባ ያለው አቋራጭ ወንዝ ላይ ሄዶ እንዴት እንደሚያበቃ፣ ዙሪያውን የሄደ ባጃጅ ግን እንዴት ቀድሞ እንደሚደርስ። ጠያቂው እስከ መጨረሻው ሰማት። አጎንብሶ አንድ ነገር ጻፈና ቀጥዪ አላት። ከማዶ አባባ ደምሴ ደክሟቸው ሌላ ሽማግሌ ተተክተዋል፤ እሳቸው ደግሞ የከተማውን ዝናብና የገበሬውን ሰብል እየመረቁ ነበር። የስለሺ ድምፅ ጎርንኖ፣ አሜኑ ሁሉ ከእሱ ይጀምራል። ጥሪው ተዘግቶ የማኅደር ኮምፒውተር ሲጠቁር፣ ሽማግሌዎቹ ገና የሚመረቅ ሰው እየፈለጉ ነበር።

በመጋቢት ማኅደር ተቀጠረች። ደብዳቤውን ስታነብ አባቷ አጠገቧ ነበሩ፤ ወደ መሬት ጎንበስ ብለው በእጃቸው አፈሩን ነኩና ግንባራቸውን ነኩ። ቢሮው ናይሮቢ ነው። ማኅደር ከመሄዷ በፊት ሦስቱንም በየቤታቸው ሄዳ አመሰገነቻቸው። ዳምጠውን ስማ አለቀሰች። ጽጌረዳን ልትስማት ስትል ጽጌረዳ፣ ተይ እባክሽ ብላ ራሷ ቀድማ ሳመቻት። ስለሺን፣ አሜን ስትል ድምፅህ ያምራል አለችው። እውነት ለመናገር ማኅደር በዚያን ጊዜ የሁለቱን ውለታ እንጂ የእሱን ያን ያህል ከባድ አድርጋ አልቆጠረችውም። ሠርግ ላይ ቆሞ አሜን ማለት ለማን ይከብዳል ብላ ነው።

እንግዲህ ነገሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ማኅደር ዓመት ሳይሞላት፣ የምትሠራበት ክፍል አንድ ሰው ሊጨምር ሆነ። የኩባንያው ደንብ እንዲህ ይላል። ሠራተኛ የሚያውቀውን አንድ ሰው መጠቆም ይችላል። አንድ ብቻ። የተጠቆመው ሰው ከሺህ ማመልከቻ መሀል አይጠፋም፤ ያለ ወረፋ ለቃለ መጠይቅ ይጠራል። ከዚያ በኋላ ራሱን ይችላል። በር መክፈት ብቻ ነው፤ ግን ያንን በር ስንቱ ሲያንኳኳ እንደኖረ እሷ ታውቃለች።

ለፋሲካ ፈቃድ ጠይቃ መጣች። ልባም ሴት ናትና ከሁሉ በፊት የስለሺን እናት ልትጠይቅ ገባች። እናቲቱ እያጎረሷት፣ የልጃቸውን ዕድል ነገር አንሥተው ያዝኑ ጀመር። ስለሺ ባንክ ቤት የኮምፒውተር ክፍል የቃል ፈተና ነበረው፣ ክራባት ገዝቼ አስሬ ሸኝቼው ነበር፣ የአቶ ሸዋንግዛው ልጅ የመልስ ዕለት፤ አንድ ሽማግሌ ይዘውኝ አመለጠኝ ብሎ መጣ አሏት። ለምን እንደያዙት አላወቁም፤ እሷን ለመውቀስም አልነበረም። ማኅደር ቀኑን አወቀችው፤ የእሷ ቃለ መጠይቅ ቀን ነበር። እጃቸውን ይዛ ሳመችው፤ እናቲቱ ምን እንደሆነች ግራ ገብቷቸው ጀርባዋን ያሹላት ጀመር።

በማግስቱ አራቱ በድሮዋ ክፍል ተሰበሰቡ። ማኅደር ነገሩን ሁሉ አፍረጥርጣ ነገረቻቸው፤ የሚጠቆመው አንድ ስም እንደሆነ፣ ጥቆማው ነገ እንደሚዘጋ፣ ሦስቱም ባይኖሩ እሷ ናይሮቢን በካርታ ብቻ ታውቃት እንደነበር። ስለሺን፣ ለምን አልነገርከኝም አለችው። ምን ብዬ አላት እየሳቀ፤ ብነግርሽ ኖሮ ያን ቀን እሺም አይሆንምም ማለት ያቅትሽ ነበር።

ከዚያ፣ ንገሩኝ፣ የማንን ስም ልጻፍ ብላ ጠየቀቻቸው።

ጽጌረዳ ቀድማ ተናገረች። «የእኔን ጻፊ። ይሉኝታ ይቅር ብዬ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ፤ አሁን ራሴ ይሉኝታ ቢይዘኝ ውሸታም እሆናለሁ። ቃለ መጠይቁን እንደማልፈውም ታውቂያለሽ። ለእኔ ችግሩ መጠራቱ ነው፤ ስሜን በደግ የሚያነሣልኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ዳምጠው የራሱን ስም አላነሣም። የሒሳብ ፕሮግራም ይሠራላቸው የነበሩት ነጋዴዎች ሁሉ ከዋና ከተማ ፕሮግራም እየገዙ ሥራው ከተመናመነ መቆየቱን ሁሉም ያውቃል። ማኅደር ስታጠብቅበት፣ የሰጠሁትን መልሼ አልጠይቅም አለ። ስለሺ ግን ጣልቃ ገብቶ፣ ዳምጠው ተራውን ለወጠ እንጂ አልሰጠም፣ ማኅደር የእሱን ከወሰደች እሱ የእሷን መውሰድ አለበት፣ በወንፈሉ ሕግ ተረኛው እሱ ነው አለ። ጽጌረዳ፣ ተራውን በፈቃዱ የተወ ተወ ነው፣ ከማኅደር ቀጥሎ የወጣው የእኔ ዕጣ ነው አለች። ለራሱ ምን እንደሚል ስለሺን ጠየቁት።

«እኔ የመጨረሻ ነኝ፤ የሞባይል ጥገናዬም አልከፋኝም» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ዓይኑን ሳያነሣ፣ «ብትጽፊኝ ግን እንቢ አልልም» አላት።

እኔ ይህን በተናገርኩበት ሁሉ ጭቅጭቅ ይነሣል። አንዳንዱ፣ በር ባይከፈት ማን ይገባ ነበር፣ የዳምጠው ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ ዳምጠው የማይችለውን ነው የለቀቀው ብሎ ይመልስለታል። የጽጌረዳ ነው የሚለው፣ በሩም ድንኳኑም የአንድ ቀን ነገር ነው፣ ማኅደርን ሰው ያደረገቻት እሷ ናት ይላል፤ ወንፈል ግዴታዋ ነበር የሚለውም አይጠፋም። ስለሺ በወንፈሉ ውል ውስጥ የሌለ ነገር አደረገ፣ የራሱንም ዕድል ከፈለ የሚሉ አሉ፤ እነሱን ደግሞ፣ ሙያው ገና ነው፣ ገብቶ ቢወድቅ የሦስቱም በር አይዘጋም ወይ ብለው ይጠይቋቸዋል። ሁሉንም ሰምቼ ሁሉንም ልክ ናችሁ ብያለሁ።

ሦስቱ ተነሥተው ወጡ። ሲወጡ ዳምጠው በሩን ቀስ ብሎ ገጠም አደረገላት፤ ከውጭ ጽጌረዳ ስለሺን ስትቆጣው፣ እሱም ሲስቅ ይሰማታል። ማኅደር ኮምፒውተሯን ከፈተች። ይህን የሚያህል ሰው ስለሰጣት ፈጣሪዋን አመሰገነች፤ ብዙ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አንድ እንኳ አያገኝም። ከዚያ ጣቷን ቁልፎቹ ላይ አሳረፈች። የሚጻፈው አንድ ስም ነው፤ ሁለት ቢጽፉበት ቅጹ አይቀበልም፤ ባዶ ቢተዉት ቦታውን ለማያውቁት ሰው ይሰጡታል። ሦስቱም ደጅ ላይ ቆመው እየጠበቋት ነው። እናንተ በእሷ ወንበር ብትቀመጡ፣ ስሙ የሚገባው ለማን ነው?